ርቀቱ አንድ፣ የበረራው ጊዜ ሁለት፦ ለንደንና ኒውዮርክ

ጠመኔ

ሰላም ለሁላችሁ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ፍጥነት፣ ጊዜና ርቀት የሚለው ምዕራፍ ላይ በደረስን ቁጥር «አንድ ባቡር ከሀ ተነሥቶ ወደ ለ ሲጓዝ» የሚለው ጥያቄ ተማሪዎቼን ያስተኛቸዋል፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም ያስተኛኛል። ስለዚህ ዘንድሮ ሀንና ለን ትቼ እውነተኛ ከተሞች ልውሰድ ብዬ ለንደንንና ኒውዮርክን መረጥኩ።

መጀመሪያ ርቀቱን ፈለግኩ። አንዱ የርቀት ማስያ ከሂትሮው እስከ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ 5,540 ኪሎ ሜትር ይላል፤ ሌላው 5,555። የአውሮፕላኑን ፍጥነት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አድርጌ ሳካፍለው 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ይወጣል። የጉዞ ሰሌዳው ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ሲሄድ ከለንደን 11:00 ተነሥቶ ኒውዮርክ 13:55 ይደርሳል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የ5 ሰዓት ልዩነት ስጨምርበት 7 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይሆናል። ሲመለስ ከኒውዮርክ 20:30 ተነሥቶ በማግስቱ 08:20 ለንደን ይገባል፤ 5 ሰዓቱን ስቀንስ 6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ። መንገዱ ያው፣ አውሮፕላኑም ያው፤ ልዩነቱ ግን 65 ደቂቃ!

ከተማሪዎቼ ግማሾቹ «ምድር ስለምትዞር ነው» አሉ። ይህን ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ነገሩን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ካለ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።


መንገደኛ

መምህርት፣ ከሁሉ በፊት ያቺን 5 ሰዓት አይመኗት። ዓመቱን ሙሉ አምስት አይደለችም። አሜሪካ ሰዓቷን ወደ ፊት የምታዞረው በማርች ሁለተኛው እሑድ ነው፤ ብሪታንያ ደግሞ በማርች የመጨረሻው እሑድ። በመካከል ባሉት ሳምንታት ልዩነቱ 4 ሰዓት ብቻ ነው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲልም እንዲሁ፤ ብሪታንያ በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ፣ አሜሪካ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓታቸውን ስለሚመልሱ አንድ ሳምንት አራት ይሆናል። በእነዚያ ቀናት አምስት ብሎ የሚያሰላ ሰው በመሄጃው አንድ ሰዓት ከባዶ ይፈጥራል፣ በመመለሻው አንድ ሰዓት ያጠፋል።

ተማሪዎቹን ይበልጥ ማስጨነቅ ከፈለጉ ከቶኪዮ ወደ ሆኖሉሉ የሚደረገውን በረራ ይስጧቸው። ማታ ተነሥቶ በዚያው ቀን ጠዋት ይደርሳል። የሰዓት ልዩነቱንና ቀን የሚለወጥበትን መስመር ሳያውቅ የሚቀንስ ተማሪ ከዜሮ በታች የሆነ የበረራ ጊዜ ያገኛል።

ስለ 65 ደቂቃው ግን እኔም እንደ እርስዎ አዳማጭ ነኝ።


ጠርጣሪው

እኔ ግን የተማሪዎቹ መልስ የሚናቅ አይመስለኝም። ምድር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ትዞራለች። ወደ ምሥራቅ የሚበረው ከዙረቱ ጋር ይሄዳል፤ ወደ ምዕራብ የሚበረው ይቃወመዋል። ሮኬቶችስ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ምሥራቅ የሚወነጨፉት ለዚሁ አይደለም? ለሮኬት የሠራ ለአውሮፕላን ለምን ይቀራል?


አሮጌው ዲስፓቸር

የበረራ ዲስፓቸር ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሙያውን ለማታውቁት፦ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት በየትኛው መንገድ፣ በምን ከፍታ፣ ስንት ነዳጅ ይዞ እንደሚሄድ ዕቅዱን የሚያወጣ ሰው ማለት ነው። አብራሪዎቹ ሰማዩን ያያሉ፤ እኛ የሰማዩን ቁጥር ብቻ እናያለን። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ዕድሜዬን ስለ ነፋስ ሳስብ ኖሬያለሁ።

ወንድሜ ጠርጣሪው፣ ከአንተ ልጀምር። ምድር ስትዞር አየሩም አብሯት ይዞራል። ምድር ወገብ ላይ ዙረቱ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ወደ ኋላ የሚቀር ቢሆን ኖሮ በ900 ወደ ምሥራቅ የሚበር አውሮፕላን የሚፈልጋት ከተማ እየሸሸችው ከቶ አይደርስባትም ነበር፤ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ደግሞ ከመሬት ከፍ ብሎ ዝም ቢል ከተማዋ ራሷ ትመጣለት ነበር። ልብ በል፤ በዚህ አስተሳሰብ ፈጣኑ ጉዞ የምዕራቡ ነው። የመምህርቷ የጉዞ ሰሌዳ የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው። ሮኬቱን ተወው። እርሱ የሚሄደው ወደ ምሕዋር ስለሆነ ምድር የሰጠችው ፍጥነት ይቆጠርለታል። አውሮፕላን የሚነሣውም የሚያርፈውም ከምድር ጋር በሚዞር መሬት ላይ ነው፤ ክንፉን የሚሸከመውም አብሮ የሚዞር አየር ነው።

ይሁንና ዙረቱ በነገሩ ውስጥ እጁ የለበትም ማለት አይደለም። ከሞቃቱ ቀበቶ ወደ ዋልታ የሚያመራው አየር በምድር ዙረት የተነሣ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። ሞቃቱና ቀዝቃዛው አየር በሚጋጠሙበት ድንበር ላይ፣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጋልብ ጠባብ የነፋስ ወንዝ ይፈጠራል። ጄት ስትሪም የሚባለው ይህ ነው። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ለእርሱ ተራ ነገር ነው፤ ከ300 የሚበልጥበትም ቀን አለ። በክረምት፣ ማለትም በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ቅዝቃዜ ወራት፣ ይበረታል፤ በበጋቸው ይላላል። አውሮፕላኖች የሚበሩት ደግሞ በዚሁ ከፍታ ነው።

ይህን ነፋስ በፈረንጆቹ 1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቀ የለካው ዋሳቡሮ ኦይሺ የሚባል ጃፓናዊ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ነው። ግኝቱን የውጭ ሰው እንዲያነብለት ብሎ ለዓለም መግባቢያ ተብሎ በተፈጠረው፣ ጥቂቶች ብቻ በሚያውቁት በኤስፔራንቶ ቋንቋ አሳተመው፤ ስለዚህ ማንም አላነበበለትም ማለት ይቻላል። አሜሪካኖች ነገሩን በደንብ ያወቁት በ1944 የቢ 29 ቦምብ ጣዮቻቸው ቶኪዮ ሰማይ ላይ ከነፋሱ ጋር ሲገጣጠሙ ነበር። የሰው ልጅ የሚያስፈልገውን ወረቀት መደርደሪያ ላይ ትቶ ዋጋ ከፍሎ መማር ይወዳል።

መምህርት፣ አሁን ወደ እርስዎ። ማስያዎቹ የሚሰጡት ርቀት ከምድር አንጻር የተለካ ነው። አውሮፕላን ግን የሚያውቀው ከአየር አንጻር ያለውን ፍጥነት ነው። በ900 ይበራል ሲባል በዙሪያው ካለው አየር አንጻር ነው እንጂ ከታች ካለው ውቅያኖስ አንጻር አይደለም። አየሩ ራሱ በ100 ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ከሆነ፣ ወደ ምሥራቅ የሚበረው ከምድር አንጻር 1,000፣ ወደ ምዕራብ የሚበረው 800 ይሆናል።

ተማሪዎችዎ «ታዲያ በመሄጃው የጠፋው በመመለሻው ይካካሳል» ይሉዎታል። አይካካስም። ለስሌት እንዲመች ርቀቱን 5,600 ያድርጉት። በ800 ሲሄድ 7 ሰዓት፣ በ1,000 ሲመለስ 5 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፤ ድምሩ 12 ሰዓት ከ36። ነፋስ በሌለበት በ900 ደርሶ ለመመለስ ግን 12 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ገደማ ይበቃል። ነፋሱ በሁለቱ አቅጣጫ እኩል ቢሆንም ተጓዡ ወደ 10 ደቂቃ ይከስራል፤ ምክንያቱም በሚያዘገየው ነፋስ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ከሚያፈጥነው ይረዝማል። ለሒሳብ ክፍል ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም። ባቡሩን ይተዉት።

ነፋሱ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ፌብሩዋሪ 2020 ላይ የሆነውን ይንገሯቸው። ኪያራ የተባለው ማዕበል ወደ አውሮፓ ሲገሰግስ ከኒውዮርክ የተነሣ አንድ ቦይንግ 747 ለንደን የደረሰው በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። ከምድር አንጻር ፍጥነቱ በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር። በዚያን ሰሞን «ከድምፅ ፈጠነ» እያሉ የጻፉ ነበሩ፤ አልፈጠነም። በዙሪያው ካለው አየር አንጻር እንደ ወትሮው ነበር የሚበረው፤ አየሩ ነው የተሸከመው። ከድምፅ ፈጥኖ የሄደው ኮንኮርድ ነው፤ እርሱ ያንኑ መንገድ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1996 በ2 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ገደማ ጨርሶታል።

ነገሩ ከጄት ዘመን በፊትም የታወቀ ነው። አልኮክና ብራውን የተባሉ በራሪዎች በ1919 በሰሜን አሜሪካ ዳርቻ ካለችው ኒውፋውንድላንድ ተነሥተው አየርላንድ ያረፉት በ16 ሰዓት ገደማ ነው። ከአየርላንድ ወደ ምዕራብ ያለ ማረፍ በአውሮፕላን መሻገር የተቻለው ግን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1928 ነው፤ ያውም በእጥፍ በሚበልጥ ጊዜ።

የቀረውን በአጭሩ። 5,540ም 5,555ም ትክክል ናቸው። የመጀመሪያው ምድርን 6,371 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ያላት ፍጹም ሉል አድርጎ ያሰላል። ሁለተኛው ምድር በዋልታዎቿ ጠፍጠፍ ያለች መሆኗን ይቆጥራል፤ ሬዲየሷ ምድር ወገብ ላይ 6,378፣ ዋልታ ላይ 6,357 ነው። በ15 ኪሎ ሜትር አይጣሉ፤ ለአውሮፕላኑ የአንድ ደቂቃ መንገድ ነው።

የጉዞ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ጊዜ ደግሞ አየር ላይ ያለውን ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከመሳፈሪያ በሩ ከተላቀቀበት እስከ መድረሻው በር ቆሞ እስኪያበቃ ያለው ሁሉ ይቆጠራል። በትልልቅ አውሮፕላን ማረፊያዎች ወደ መንደርደሪያው እስኪደርስ መሬት ላይ ተራ መጠበቅ አለ። ኩባንያዎቹም ዘገየ እንዳይባሉ ትንሽ ትርፍ ጊዜ ያስገባሉ። ከተነሣም በኋላ ወዲያው 900 አይገባም፤ በብዙ አገሮች ከ10,000 ጫማ በታች ከ250 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ463 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መብለጥ አይፈቀድም። እኔ በጣቴ ስቆጥር ርቀቱን ለ850 አካፍዬ ግማሽ ሰዓት እጨምርበታለሁ፤ ለሩቅ በረራ መካከለኛ ግምት ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ነፋሱን መጠየቅ ነው።


ጠርጣሪው

የሮኬቱ ነገር ገብቶኛል። አየሩ አብሮ ይዞራል የሚለውን ማንም እንዲህ አድርጎ ነግሮኝ አያውቅም።


ጠመኔ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን አልለቀቀኝም። የበረራ መከታተያ ገጽ ከፍቼ ወደ ኒውዮርክ የሚሄዱትን ሳይ መንገዳቸው ቀጥ ያለ አይደለም። ወደ ግሪንላንድ አቅጣጫ ቀና ብለው ይሄዱና ከዚያ ወደ ታች ይወርዳሉ። በሌላ ቀን ደግሞ ሁሉም ወደ ደቡብ ወርደው አየኋቸው። ያቺን 5,555 የሚሄዳት አለ ወይስ የለም?


አሮጌው ዲስፓቸር

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሁለት ነገር ተቀላቅሎበታል።

የመጀመሪያው የካርታው ነው። ሉል ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል አጭሩ መንገድ ታላቁ ክብ የሚባለው ነው፤ ምድርን እኩል ለሁለት የሚከፍል ክብ ቁራጭ። ካርታ ሠሪው መርካቶር በ1569 ባወጣው ዓይነት ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ሲሣል ጎብጦ ይታያል። ማድሪድና ኒውዮርክ ሁለቱም 40 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ናቸው። ካርታ ላይ በማስመሪያ ቢያገናኟቸው ያንኑ ኬክሮስ ይዘው ይሄዳሉ፤ ርቀቱም ከ5,930 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ታላቁን ክብ የያዘው መንገድ ግን መሐሉ ላይ እስከ 46 ዲግሪ ሰሜን ወጥቶ ይመለሳል፤ ሆኖም ርቀቱ 5,770 ገደማ ነው። የጎበጠው ያጥራል። ተማሪዎቹ ካላመኑ ሉል አምጥተው ክር ይወጥሩበት።

ሁለተኛው የእኔ ቢሮ ሥራ ነበር። ዲስፓቸር የሚፈልገው አጭር መንገድ ሳይሆን አጭር ጊዜ ነው። ለዓለም አቪዬሽን የነፋስ ትንበያ የሚያወጡ ሁለት ማዕከላት አሉ፤ ለንደንና ዋሽንግተን። ቁጥራቸውን ተቀብሎ ኮምፒውተሩ ነፋሱ የሚረዳበትን ወይም ቢያንስ የማይጎዳበትን መንገድ ይፈልጋል። ወደ ምሥራቅ ስንልክ ነፋሱ ያለበት ድረስ ሄደን እንሳፈርበታለን፤ ወደ ምዕራብ ስንልክ እንሸሸዋለን፣ ከላይ በሰሜን ወይም ከታች በደቡብ። ከታላቁ ክብ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር የሚረዝም መንገድ መርጠን ቀድሞ የሚደርስበት ቀን ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቅድ ለጀማሪ ሳሳየው ፊቱ ላይ የሚነበበው ጥርጣሬ ሁልጊዜ ያስቀኝ ነበር።

ሰሜን አትላንቲክ ላይ አውሮፕላኖቹ እንደየፍላጎታቸው አይበታተኑም። ለዕለቱ ነፋስ የሚስማማ የመንገድ መረብ በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ ቀን ቀን ወደ ምዕራብ ለሚጎርፉት የሚያወጣው ሻንዊክ የሚባለው የአየርላንድና የስኮትላንድ ወገን መቆጣጠሪያ ነው፤ ሌሊት ወደ ምሥራቅ ለሚመለሱት ደግሞ በካናዳ ያለው ጋንደር። አንድ ቀን ሁሉም በሰሜን፣ ሌላ ቀን ሁሉም በደቡብ ሆነው ያዩዋቸው ለዚህ ነው። 5,555ቷን በትክክል የሚሄዳት የለም ብል አልሳሳትም።


መንገደኛ

በዚህ ላይ ፖለቲካውንም ጨምሩበት። ከሄልሲንኪ ቶኪዮ በታላቁ ክብ 7,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሩሲያ ሰማይ እያቋረጡ 9 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅ ነበር። ከ2022 ወዲህ ሩሲያ ሰማይዋን ለአውሮፓ ኩባንያዎች ስለዘጋች በሰሜን ዋልታ በኩል ወይም በደቡብ ዞረው 13 ሰዓት ገደማ ይበራሉ። ሁለቱ ከተሞች አንድ ሜትር አልተራራቁም። በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜም ከኮፐንሃገን ወደ ቶኪዮ በ1957 የተጀመረው በረራ አላስካ ውስጥ አንኮሬጅ ላይ ነዳጅ እየቀዳ ነበር የሚያልፈው። ርቀት ማስያው ላይ ይህ ሁሉ አይታይም።


አሮጌው ዲስፓቸር

ልክ ነው። የከተማዋ ከፍታም አለ። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መነሣት ይከብዳል። ከዱባይ ሜክሲኮ ሲቲ የሚሄደው በረራ ባርሴሎና ላይ የሚያርፍበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ግን መምህርቷን ከምዕራፏ አናርቃት።

መምህርት፣ ለተማሪዎችዎ ይህን ይስጧቸው። ከሁለቱም የሰሌዳ ጊዜ ለመሬት ላይ ቆይታ 40 ደቂቃ ይቀንሱ። መሄጃው 7 ሰዓት ከ15፣ መመለሻው 6 ሰዓት ከ10 ይሆናል። ርቀቱ 5,555 ነው። የአውሮፕላኑን ፍጥነት «ፍ»፣ የነፋሱን «ነ» በሉ። 5,555 ለመሄጃው ጊዜ ሲካፈል ፍ ሲቀነስ ነ ነው፤ ለመመለሻው ጊዜ ሲካፈል ፍ ሲደመር ነ። ሁለቱንም ያግኙ።


ጠመኔ

ዛሬ ሰጠኋቸው። ፍ 834፣ ነ 67 ወጣ። ማንም አልተኛም። ነገር ግን ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ሁለት ጥያቄ ይዞ ተነሣ፦ 900 ይበራል ከተባለ 834 ለምን ወጣ? ነፋሱስ ከ160 ይበልጣል ከተባለ 67 ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?


አሮጌው ዲስፓቸር

ያ ልጅ ዲስፓቸር ይወጣዋል።

834ቱ የሙሉ ጉዞው አማካይ ነው። ሲወጣና ሲወርድ በዝግታ የሄደበት ተደባልቆበታል፤ 900 የመሐሉ ፍጥነት ብቻ ነው። በተጨማሪም በእውነት የበረረው መንገድ ከ5,555 ይረዝማል፤ ስሌታችን ግን ያን አያውቅም፤ ስለዚህ ትርፉን መንገድ እንደ ዝግታ ቆጥሮታል።

67ቱ ደግሞ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው ነፋስ አማካይ ነው። ጄት ስትሪም ውቅያኖሱን ከዳር እስከ ዳር አይሞላም፤ ይጠማዘዛል፣ ይቆራረጣል። ከሁሉ በላይ ወደ ምዕራብ ስንሄድ ሸሽተነዋል፤ ስለዚህ ልጁ ያገኘው ከሸሸን በኋላ የቀረብንን ነው። የጉዞ ሰሌዳም ለወራት ታስቦ የሚወጣ ስለሆነ ኃይለኛውንና ለስላሳውን ቀን አንድ ላይ አቅልጦ ያስቀምጣል።

ነፋሱን ራሱን ማየት ከፈለገ የጉዞ ሰሌዳውን ይተው። ከመከታተያው ገጽ ላይ የአንድ በረራ ቁጥር መርጦ ከመንደርደሪያው ከተነሣበት እስካረፈበት ያለውን ጊዜ በየቀኑ ይመዝግብ፤ የመመለሻውንም እንዲሁ። በጃንዋሪ ሁለት ሳምንት፣ በጁላይ ሁለት ሳምንት። የጃንዋሪው ነ የጁላይን ጥሎት ይሄዳል። የሰዓት ልዩነቱ እንዳያስቸግረው ሁሉንም በግሪኒች ሰዓት ይጻፍ፤ እኛም ቢሮ ውስጥ ግድግዳው ላይ የነበረን ሰዓት እርሱ ብቻ ነበር።